ነጠላው ሳይቃጠል፣ ፊቱ ሳይጠቁር

በበዓል ጠዋት ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅጥር የሚወጣውን ምዕመን በስልኩ ያነሳ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ወይ ነጠላው ተቃጥሎ ጥለቱ ይጠፋል፣ ወይ ነጠላው ሲያምር ፊቱ ይጠቁርና ዓይን ከቅንድብ አይለይም። ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በፒያሳ የሱቅ መብራት ሥር የተነሳ ፎቶ ሰፋ ተደርጎ ሲታይ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ በቀይና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተወርሶ ይገኛል፤ ፎቶ አንሺዎቻችን ኖይዝ የሚሉት ይህን ነው። የመጀመሪያው የኤክስፖዠር (ካሜራው የሚያስገባው የብርሃን ልክ)፣ ሁለተኛው የኖይዝ ጉዳይ እየተባለ ለየብቻ ይወራል። እኔ ግን አብረው ካልታዩ አይገቡም ባይ ነኝ። ሁለቱም የሚመጡት ካሜራው ካገኘው የብርሃን መጠን ነው፤ አንዱን ለማረም የምናደርገው ነገር ሌላውን ወይ ያባብሰዋል ወይ ያስታግሰዋል። በዚህ ዳሰሳ ችግሩ ከየት እንደሚነሳ፣ ምን ምን መላ እንደተፈለገለትና እርማቱ የት ላይ መቆም እንዳለበት እናያለን።

ከከተማዋ ብርሃን እንጀምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ጥርት ባለ ቀን ፀሐይዋ በቀጥታ ትመታለች፤ የጥላው ድንበር የተሰመረ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ገደማ፣ ቀትር ላይ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች። በእነዚያ ቀናት ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ሥር ነው፤ የዓይኑ ጎድጓዳና ከአፍንጫው በታች ያለው ቦታ ግን ጨልሟል። ማታም ነገሩ ያስቸኩላል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያልፍ ጨለማ ነው። የአራዳ ፎቶ አንሺ እንግዲህ ሥራውን የሚሠራው በሁለት ጽንፍ መካከል ነው፤ ቀን ብርሃኑ ይበዛበታል፣ ማታ ያጥረዋል።

የካሜራው የብርሃን መለኪያ ደግሞ ሰው፣ ሸማ፣ ሐውልት ብሎ አይለይም። ከፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ አማክሎ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይጥራል፤ በተለምዶ ይህ መለኪያ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው። ታጥቦ የተለበሰ ነጭ ነጠላ 80 በመቶ ገደማ ይመልሳል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ግራጫ በታች ነው። መንገዱ በነጠላ ሲሞላ መለኪያው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንድ ነጠላ ለባሽ በጨለመ ደጃፍ ላይ ብቻውን ሲቆም ደግሞ መለኪያው ጨለማውን አይቶ ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ነጠላው ይቃጠላል። ነጠላውን ክንብንብ ያደረገች ሴት ስትሆን ችግሩ ይብሳል፤ ፊቷ በክንብንቡ ጥላ ውስጥ ስለሚገባ በሸማውና በፊቷ መካከል ያለው ልዩነት አምስት ስቶፕ ሊደርስ ይችላል። አንድ ስቶፕ የብርሃኑ እጥፍ ስለሆነ፣ አምስት ስቶፕ ማለት 32 እጥፍ ነው።

ፒያሳ ውስጥ ይህን ለመማር ሁለት ጥሩ ቦታዎች አሉ። አንደኛው በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነው። ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ጠቆር ያለው ነሐስ በደማቅ ሰማይ ላይ ያርፋል፤ መለኪያው ሰማዩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንስና ፈረሱም ንጉሡም አንድ ጥቁር ቅርጽ ይሆናሉ። እዚህ ላይ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ነው። መድረኩ ጨለማ፣ ተዋናዩ በመብራት ውስጥ ስለሆነ መለኪያው ጨለማውን ሊያበራ ይሞክርና የተዋናዩን ፊት ያቃጥለዋል። እዚያ ደግሞ መቀነስ ነው። በስልክ የሚያነሳም ሰው ቢሆን ፊቱን በጣቱ ነክቶ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ በመሳብ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ካነሱ በኋላ ከማረም ይልቅ ከማንሳት በፊት ያለችው ይህች ሰከንድ ትበልጣለች።

ጉዳዩ የመለኪያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የቀለም ፊልም ራሱ ሲሠራ የኛን ፊት አስቦ አልተሠራም። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ አድርጎ የሚልካቸው፣ ሸርሊ ካርድ ተብለው የሚታወቁት ፎቶዎች ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶዎች ነበሩ። የእሷ ቆዳ ካማረ ማሽኑ ልክ ነው ይባል ነበር። ይህን ታሪክ ያጠናችው ካናዳዊቷ ሎርና ሮዝ እንደምትለው፣ ኮዳክ የቡናማ ቀለም አያያዙን ለማሻሻል ከተነሳባቸው ምክንያቶች መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል፤ ምርታቸው በማስታወቂያ ፎቶ ላይ እየተመሳሰለ አስቸግሯቸው ነበር። የጥቁር ሰው ፊት ያላስነሳውን ጥያቄ ቸኮሌት አስነሳው ማለት ነው። ይህ የሚያንገበግብ ታሪክ ገና አላለቀም። ጉግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ለማንሳት ሪል ቶን ያለውን ሥራ ከስልኩ ጋር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ያም ሆኖ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን የነበሩ የአራዳ ፎቶ አንሺዎች ፊት ማንሳት ያውቁበት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሜራ የገባው ቀደም ብሎ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት የድሮ ፎቶዎች መጽሐፍ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1867 ነው። ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ የነበሩት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቻቸው አውርሰዋል፤ ፒያሳም የፎቶ ቤቶች ሰፈር ሆና ኖራለች። በስቱዲዮ ዘመን የነበረው አሠራር ፊትን መነሻ ያደረገ ነው። መብራቱ የሚቆመው ለፊት ነው፣ ብርሃኑ የሚለካው ለፊት ነው፣ ፊልሙ ሲታጠብም የሚታየው ፊቱ ነው። በኔጋቲቩ ላይ በተሾለ እርሳስ ቀጫጭን ጭረት እየጨመሩ የዓይን ሥር ጥላን ማሳሳት ሪታች ይባላል፤ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቅ ስለነበር በየቦታው አይነካካም ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም አንድ ጣት መሳብ ሆኗል፣ ችግራችንም ከዚያው ይጀምራል።

ከፊልም የመጣ ሰው ዲጂታል ላይ መተው ያለበት አንድ ልማድ አለ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ድሮ ብርሃኑን አብዝቶ ማንሳት ይመከር ነበር። ዲጂታል ተቃራኒ ነው። ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ብርሃን የምትይዝበት ልክ አላት፤ ከሞላች በኋላ የሚመጣው ብርሃን ሁሉ አይመዘገብም። የተቃጠለ ነጠላ ላይ ጥለቱ ደብዝዞ የተደበቀ ይመስላል እንጂ የለም፤ የፎቶ ማረሚያው ላይትሩምም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ያልተመዘገበውን አያመጣውም። የጠቆረ ፊት ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ መረጃ አለ። ስለዚህ የቀን ብርሃን ላይ ሕጉ ይህ ነው፤ ሸማው እንዳይቃጠል ጠብቆ ማንሳት፣ ፊቱን በኋላ ከፍ ማድረግ።

ይህ የሚሠራው ግን ፎቶው በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያርም በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል፣ ከተነሳ ነው። ካሜራው አርሞና አጭቆ የሚያስቀምጠው ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ 14 ቢት የሆነ ሮው 16,384 አለው። ከእነዚህ ደረጃዎች ግማሹ የሚውለው ለደማቁ አንድ ስቶፕ ነው፣ ቀጥሎ ላለው ሩቡ፣ እያለ ይቀንሳል። ጥላ ውስጥ ያለው ፊት ከሸማው አምስት ስቶፕ ዝቅ ብሎም በሮው ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎች ይተርፉለታል። በጄፔግ ላይ ያንኑ ፊት ከፍ ለማድረግ የሞከረ ሰው ጉንጩ ላይ እንደ መስመር የተቆራረጠ ቀለም አይቶ ያውቃል። ዛሬ ብዙ ስልኮች ሮው ያነሳሉ፤ ስናፕሲድ በነፃ ይከፍተዋል፣ በኮምፒዩተር ደግሞ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ገንዘብ ሰበብ አይሆንም።

ፊቱን ከፍ ስናደርግ ኖይዙ አብሮ ይወጣል፤ ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙት እዚህ ነው። ኖይዝ የካሜራ ብልሽት የሚመስለው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ግን የብርሃን ባሕርይ ነው። ግቢ ውስጥ እኩል የሆኑ ጣሳዎችን ደርድረን ካፊያ ሲጥል ብናይ፣ አንዱ ጣሳ ሦስት ጠብታ፣ ጎረቤቱ ሰባት ይይዛል። ዶፍ ሲወርድ ግን ሁሉም እኩል የሞሉ ይመስላሉ። ብርሃንም በጠብታ ነው የሚመጣው። አንዲት የሴንሰር ነጥብ 100 ጠብታ ብትይዝ መዋዠቁ 10 ያህል ነው፣ ማለትም 10 በመቶ፤ 10,000 ብትይዝ 100 ነው፣ ማለትም 1 በመቶ። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ የሚይዘው ጠብታ ጥቂት ነው፤ ማታ ፒያሳ ላይ የሚያስቸግረንም ለዚህ ነው። አይኤስኦ የተባለውን የካሜራ ቁጥር መጨመር ብርሃን አይጨምርም፣ የተያዘውን ያጎላል እንጂ።

ስለዚህ የመጀመሪያው የኖይዝ መድኃኒት ብርሃን መጨመር ነው፤ ፕሮግራም ከመክፈት በፊት የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። የፒያሳ የድሮ ቤቶች ከእንጨት የተሠራው በረንዳቸው ለፊት ፎቶ ከማንኛውም መብራት ይሻላል፤ ሰውዬው ከበረንዳው ጥላ ጠርዝ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ መንገዱ ሲያዞር ከነጭ ግድግዳና ከአስፋልቱ ተንጸባርቆ የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል፣ የአምስት ስቶፑም ልዩነት ወደ ሁለትና ሦስት ይወርዳል። ማታ ካሜራውን ግድግዳ ላይ ወይም ወንበር ላይ አስደግፎ ሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ማዘግየት አይኤስኦውን ከ6,400 ወደ 800 ሊያወርደው ይችላል። ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን ሲሆን ደግሞ የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ በፎቶው ላይ የሚታየውን የጥቁር ሰንበር ጣጣ ያስቀራል። ይህን ሰንበር ኖይዝ መስሏቸው በፕሮግራም ሊያጠፉ ሲታገሉ የዋሉ አሉ።

ቀጥሎ ያለው መላ ደጋግሞ ማንሳትና ማማከል ነው። አራት ፎቶ ሲማከል ኖይዙ በግማሽ፣ 16 ሲማከል ወደ ሩብ ይወርዳል። የዛሬ ስልኮች ማታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ እንዳትንቀሳቀሱ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ጉግል ናይት ሳይት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው፣ ሌሎችም የተከተሉት ይህንኑ ነው። ለቆመ ሕንፃ ድንቅ ነው። ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን አይሆንም፤ በመድረክ ላይ እስክስታ የሚመታ ትከሻ በአራት ፎቶ መካከል አይቆምም።

ሦስተኛው መንገድ ከተነሳ በኋላ ማጥራት ነው። ቀደምቶቹ ፕሮግራሞች እያንዳንዷን ነጥብ ከጎረቤቶቿ ጋር አማክለው ያደበዝዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ቡአዴስ፣ ኮልና ሞሬል የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ነገሩን ለወጠው፤ ከአጠገብ ያለችውን ነጥብ ትቶ በፎቶው ውስጥ የትም ቢሆን የሚመሳሰል ቁራጭ ፈልጎ ማማከል የሚል ነው። የሸማ ሽመና ተደጋጋሚ ስለሆነ ይህ ዘዴ ሸማ ላይ በጣም ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ናቸው፤ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2023 ላይትሩም ውስጥ ያስገባው ከእነዚህ አንዱ ነው። በ6,400 አይኤስኦ የተነሳን ሮው በሚያስገርም ሁኔታ ያጠራዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም።

አጠቃቀሙ ላይ ግን ባለሙያ ከጀማሪ ይለያል። የቀለም ኖይዝ፣ ያ ቀይና አረንጓዴው ነጠብጣብ፣ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ፎቶው የሚጎዳው ጥቂት ነው። የብርሃን ኖይዝ፣ አሸዋ የሚመስለው፣ ከቆዳው ቀዳዳ፣ ከፀጉሩ ሥርና ከሽበቱ ጋር አንድ ላይ ነው የሚኖረው፤ እሱን ሙሉ በሙሉ ሲያጠፉት የሰባ ዓመት አዛውንት ፊት የሰም ፊት ይሆናል። የኔ ምክር የቀለሙን ማጥፋት፣ የብርሃኑን ማሳሳት፣ ጥቂት አሸዋ መተው ነው። ሻርፕ ማድረግ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ኖይዙን ራሱን ያጎላዋል።

ከዚህም የከፋ ነገር በፊደላችን ላይ ይደርሳል። በፒያሳ የድሮ ሱቅ ላይ ያለ ማስታወቂያ በደብዛዛ ፎቶ ውስጥ «ቡና» ይላል እንበል። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ቦታ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ኖይዝ ማጥሪያው ያቺን ቅጥያ እንደ ነጠብጣብ ቆጥሮ ሊያጠፋት ይችላል፤ ፎቶ አሳድጋለሁ የሚለው አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ከዚህም አልፎ የራሱን ቅጥያ ይፈጥራል። በብዛት የሠለጠነው በላቲን ፊደል ስለሆነ በየትኛውም የፊደል ገበታ ላይ የሌለ ፊደል ጽፎ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ጥርት ስላለም ይታመናል። የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ የመቃብር ድንጋይ ወይም የፎቶ ጀርባ ጽሑፍ ያለበትን ነገር በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ማሳለፍ ማስረጃ ማበላሸት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ሊነገር የሚገባው ፊት ማቅላት ነው። ዛሬ ለመታወቂያም ሆነ ለሰርግ ፎቶ የተነሳ ሰው ሳይጠይቅ ፊቱ ቀልቶ ይሰጠዋል። እኔም አንድ ጊዜ ለጉርድ ፎቶ ገብቼ እናቴ ያልወለደችው ቀይ ሰው ታትሞ ተሰጥቶኛል። ይህን ኤክስፖዠር ማስተካከል የሚሉት አሉ፤ አይደለም። ኤክስፖዠር ማስተካከል በብርሃን እጥረት የጠፋውን ፊት በዓይን ወደሚታይበት ልክ መመለስ ነው፤ ጠይሙ ጠይም፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀይ ዳማውም ቀይ ዳማ ሆኖ። ቀላል መፈተኛ አለ፤ ፊቱን ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ አንገቱንና እጁን እዩ። ከፊቱ ጋር ካልተስማሙ፣ ወይም የጥርሱና የዓይኑ ነጭ ከቆዳው ጋር ያለው ልዩነት ከጠበበ፣ ከልኩ አልፋችኋል።

የዜና ፎቶ ዓለም በዚህ ወሰን ላይ ብዙ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት በነበረው ዙር ላይ ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶ የሚሆኑትን በአርትዖት ምክንያት ውድቅ አድርጓል፤ በጥላ ውስጥ የነበረን ነገር እስኪጠፋ ማጥቆር ከጥፋቶቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የዜና ወኪሉ ሮይተርስ ለተባባሪ ፎቶ አንሺዎቹ ከሮው የተሠራ ሳይሆን ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ ብቻ እንዲልኩ አዘዘ። የሮይተርስ ውሳኔ ለኛ ብርሃን አይስማማም እላለሁ። የካሜራው ጄፔግ ራሱ የአንድ ፋብሪካ ምርጫ ነው፣ ጠይም ፊት በክንብንብ ጥላ ውስጥ ሲሆን ምርጫው ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። የሚሻለው ማረምን ፈቅዶ ሮውን ለማመሳከሪያ መጠየቅ ነው፤ የውድድሩ አዘጋጆች ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለአራዳ ሰው ከቅንጦት ያለፈ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ መንደር ፈርሷል። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል በውስጡ የነበረው የጃዝአምባ የሙዚቃ ቤት አብሮ ሄዷል። ጃዝአምባ ጨለም ያለ ቤት ነበር፤ እዚያ በስልክ የተነሱት ፎቶዎች በኖይዝ የተሞሉ ቢሆኑ አይገርምም። አሁን ግን ያ ግድግዳ፣ ያ መድረክ ያለው በእነሱ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ፎቶዎች አንዱን እስኪያንጸባርቅ አጥርቶ ዋናውን የሚሰርዝ ሰው የቀረውን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋል።

የቤተሰብ የድሮ ፎቶም እንዲሁ ነው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራ ከየቤቱ አልበም የተገኙ ፎቶዎችን ሰብስቦ በመጽሐፍ ሲያወጣ የብዙ ሰው ዓይን ወደ ቁም ሳጥኑ ዞሯል። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የሚታየው አሸዋ መሰል ነገር የፊልሙ ግሬን ነው፤ ዲጂታል ኖይዝ አይደለም፣ ሊጠራም አይገባም። ኔጋቲቭ ያላችሁ ከታተመው ፎቶ ይልቅ ኔጋቲቩን አስነሱ፤ አቧራውን በአየር መንፊያ አስወግዱ እንጂ በጨርቅ አትጥረጉ፤ በ16 ቢት ቲፍ አስቀምጡ፤ ብርሃኑን የምታርሙት በቅጂው ላይ ይሁን።

በስልካችሁ የፈረሰ የፒያሳ ቤት፣ የተዘጋ ሱቅ ወይም ያለፈ የሰፈር ሰው ፎቶ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ በሁለት ቦታ አስቀምጡት። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ መጠኑ ይቀነሳል፣ ጥላው ውስጥ የነበረውም ዝርዝር አብሮ ይጠፋል። የቦታውንና የሰዎቹን ስም የሚያውቁ እናትና አባቶች በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ጻፉበት።